ስለ 1551 ዓ.ም. ለታሪክ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለታሪክ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ አርታዒዎችና ገምጋሚዎች

ጉዳዩ፡- የ16ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራፍ ወይና ደጋ ላይ እንዳይዘጋ ስለመጠየቅ



የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ለልጆቻችን ስትጽፉ ምዕራፉን የካቲት 1535 ዓ.ም. ላይ እንዳትዘጉት ልለምናችሁ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ብቻ ወደፊት ግፉት፤ 1551 ላይ አድርሱትና እዚያ ቆም በሉ። ከቻላችሁ ለዚያች አንዲት ዓመት ራሱን የቻለ ክፍል ስጧት። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1559፣ በሂጅራ 966 መሆኗ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን የምናውቀው ታሪክ ይህን ይመስላል። በ1521 ሽምብራ ኩሬ ላይ የአዳሉ የኢማም አሕመድ ጦር የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ሰበረ። ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የቃጠሎ፣ የስደትና የምርኮ ናቸው። ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲንከራተት ኖሮ በ1533 መባቻ ደብረ ዳሞ ላይ አረፈ፤ ልጁ ገላውዴዎስ ገና በወጣትነቱ ነገሠ። ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋሎችን ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ፤ ወፍላ ላይ ተሸነፈ፣ ተማረከ፣ ተገደለ። የተረፉት ፖርቱጋሎች ከንጉሡ ጦር ጋር ተደምረው የካቲት 1535 ወይና ደጋ ላይ ገጠሙ፤ ኢማሙ ወደቀ፣ ጦሩም ተበተነ። ምዕራፉ አለቀ። የክለሳ ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ ደወል ይደወላል።

እዚያ ላይ የምንቆመው በክፋት አይመስለኝም። ምንጮቻችን እዚያ ስለሚጥሉን ነው። ከኢማሙ ወገን ሆኖ ዘመቻውን የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ትረካውን የሚያቆመው ኢማሙ ገና ድል በድል ላይ ሳለ ነው። የፖርቱጋሎቹን ዘመቻ የጻፈው ካስታኞዞ ራሱ ከዘማቾቹ አንዱ ነበር፤ ወይና ደጋን አይቶ ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። አንዱ መጽሐፍ በአንደኛው ወገን ድል፣ ሌላው በሌላኛው ወገን ድል ያበቃል። መጽሐፉ ያለቀበት ቦታ ዘመኑም ያለቀ እየመሰለን ቀረን።

ታሪክ ሳስተምር ይህን ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር ክፍሉ ሳይታወቀው ለሁለት ይከፈል ነበር። ከኋላ ወንበር «ታዲያ ማን አሸነፈ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ መልሱን የሚሰጠው ደግሞ እኔ ሳልሆን አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ እረፍት ሰዓት ላይ ምን ይባባሉ እንደነበር መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። በልጆቹ አልፈርድም። የሁለት ሰዎች ግጥሚያ አድርገን ያስተማርነውን ነገር እንደ ግጥሚያ ተረድተውታል። 1551ን አንብቦ የጨረሰ ተማሪ ግን ጥያቄውን በዚያ መልክ ሊጠይቅ የሚችል አይመስለኝም፤ የዚያ ዓመት አሸናፊዎች ድላቸውን ይዘው ቤታቸው ሲደርሱ ምን እንደጠበቃቸው ያያልና።

ከዚያ ዓመት ጾም ልጀምር። በ1551 ፋሲካ የዋለው መጋቢት 30 ስለነበር ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ የካቲት 5 ነው። ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን፣ የካቲት 8፣ አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ጳጳስ አንድ የአዋጅ ደብዳቤ አወጣ። ኦቪዬዶ ስፓኛዊ ነው፤ በ1549 ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በሕርጊጎ በኩል ገብቶ ነበር። የተላከው የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ጋር እንዲያዋህድ ነው። ፓትርያርክ ተብሎ የተሾመው አለቃው ባሬቶ ግን ጎአ ላይ ቀረ፤ ኢትዮጵያንም ሳያያት ሞተ። በዚያ የጾም ሳምንት የወጣው ደብዳቤ ኢትዮጵያውያን ለሮም አንታዘዝም ያሉ እልኸኞች መሆናቸውን ያውጃል፤ የሮም ልጆች የሆኑት ፖርቱጋሎችም በእምነት ጉዳይ ከእነርሱ ጋር እንዳይደባለቁ ያዛል። አስቡት፤ የእነዚህ ፖርቱጋሎች ጓዶች ናቸው ወይና ደጋ ላይ ከንጉሡ ጎን የወደቁት። ብዙዎቹም እዚሁ አግብተው፣ ወልደው፣ ርስት ይዘው ይኖሩ ነበር።

ገላውዴዎስ መልሱን ከአራት ዓመት በፊት ሰጥቶ ጨርሷል። በ1547 ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ የዚያው ማኅበር ካህን መጥቶ የኢትዮጵያን እምነት የሚነቅፍ ጽሑፍ ሲያቀርብለት፣ ንጉሡ ዛሬ የሃይማኖት መግለጫው ተብሎ የሚታወቀውን አጭር ደብዳቤ አስጻፈ። ይህን ደብዳቤ ተማሪዎች ሊያነቡት ይገባል፤ ከዚያ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ የዚህን ያህል ረጋ ያለ ነገር አላገኘሁም። ስድብ የለበትም። እምነታችን የአባቶችና የሦስቱ ጉባኤያት እምነት ነው ይላል፤ ኒቅያ፣ ቁስጥንጥንያ፣ ኤፌሶን። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፤ እነርሱ ውኃ አይቀዱበትም፣ እሳት አያነዱበትም፤ እኛ ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናደርግበታለን ይላል። ግዝረትን የኦሪት ሕግ ብለን ሳይሆን የአገር ልማድ ብለን ነው የያዝነው፤ ኑቢያ ፊቱን እንደሚበጣው፣ ሕንድ ጆሮውን እንደሚበሳው ዓይነት ነው ይላል። የእሪያ ሥጋን የማንበላውም በሕግ ተከልክለን አይደለም፤ የሚበላውን አናወግዝም፣ የማይበላውንም አናስገድድም ይላል። መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ አውሮፓ ውስጥ አሳተመው። እኛ አገር ግን ስለ ገላውዴዎስ ስንጠየቅ «ወይና ደጋ ላይ ያሸነፈው» ከማለት ብዙም አናልፍም። ይህ ንጉሥ ከጎራዴው ይልቅ በብዕሩ ሊታወስ የሚገባው ሰው ነበር። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሚቃወመኝ ካለ በደስታ እሰማለሁ።

አሁን ወደ ሐረር እንሻገር። የኢማም አሕመድ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ናት። አባቷንም ባሏንም በጦርነት አጥታለች። ከወይና ደጋ በኋላ ወደ ሐረር ተመለሰች፤ ቆይቶም የኢማሙን የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች። የባሏን ደም እንዲመልስ ቃል አስገብታ እንዳገባችው ሲነገር ኖሯል። ኑር በ1544 ገደማ የሐረር አሚር ሆነ። ትልቅ የጦር መሪ ነበር፤ ከእርሱ በላይ ግን በስም የአዳል ሱልጣን የነበረው በረካት ኢብን ዑመር ዲን አለ። በረካት የወላስማ ዘር ነው። ይህ የይፋትና የአዳል ሥርወ መንግሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ በመሆኑ ከይኩኖ አምላክ ሥርወ መንግሥት ጋር የሚስተካከል ዕድሜ አለው። መማሪያ መጽሐፉ ሁለቱን ሥርወ መንግሥታት እንደ እኩያ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ተማሪው ብዙ ነገር በራሱ ይረዳል።

በ1551 በጋ የሆነው ነገር በማንም የጦር መጽሐፍ ውስጥ እንደ ምሳሌ ሊገባ የሚችል ነው። ኑር ጦሩን አስከትቶ ወደ ፈጠጋር ዘመተ። ገላውዴዎስ በበኩሉ የአክስቱን የሮማነ ወርቅን ልጅ ሐመልማልን ወደ አዳል እንዲዘምት አዘዘው። ሁለቱ ጦሮች ተላለፉ። ሐመልማል የኑር ጦር የሌለበትን አገር አገኘ፤ ሱልጣን በረካት ተገደለ። የወላስማ ሱልጣንነት በዚያው አበቃ። ኑር ደግሞ ትልቅ የጦር አለቃውን አርቆ የላከውን ንጉሥ ከጥቂት ሠራዊት ጋር አገኘው። መጋቢት 27 ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ገላውዴዎስ ገጠመ። በገላውዴዎስ ዜና መዋዕል እንደተጻፈው መጀመሪያ ያገኘው የጠመንጃ ጥይት ነው፤ ቆስሎም መዋጋቱን ሲቀጥል ፈረሰኞች ከብበው በጦር ጣሉት። ራሱ ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ከኦቪዬዶ ደብዳቤ እስከዚያ ቀን ድረስ ልክ ሰባት ሳምንት ነው።

መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለቱ የሚታሰብበት ቀን መሆኑን ለክርስቲያን አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ሊቅም ይህን ሳያስተውል የቀረ ሰው አልነበረም፤ የንጉሡን ሞት የሚጽፈው እንደ ሰማዕት ሞት ነው። በሐረር በኩል ኑር የሁለተኛው ድል ባለቤት የሚል የክብር ስም አገኘ። አንደኛው የኢማሙ ነው ማለት ነው። የሐረር ልጅ አንዱን ስም ይዞ፣ የጎጃም ልጅ ሌላውን ይዞ ወደ ክፍል ይገባል። እስከዚህ ድረስ ብቻ ካስተማርን ከወይና ደጋ የተለየ ነገር አላስተማርንም፤ ውጤቱን ገልብጠነዋል እንጂ።

ድሉን ይዞ የተመለሰውን ኑርን እንከተለው። የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ እንደጻፈው ኑር ሐዘሎ በሚባል ቦታ ከኦሮሞ ጦር ጋር ገጠመና ክፉኛ ተመታ፤ ኦሮሞዎች ከመጡ ወዲህ እንዲህ ያለ እልቂት አልታየም ይላል። ንጉሡን የጣለው ያ ሠራዊት እዚያ አለቀ። ሐረርን ረሃብ ከዚያም ቸነፈር ያዛት፤ ኑርም በ1560 ገደማ በዚያው በቸነፈሩ ሞተ። ከሞቱ በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላ የአዳል ሹማምንት መቀመጫቸውን ወደ አውሳ አዛወሩ።

በእጃችን የቀረው የኑር ሥራ ግንቡ ነው። ጀጎል። ሐረሪዎች አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣት በሪ፣ በድሪ በሪ፣ አስመዲን በሪ የሚሏቸው አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሌላው ሰው ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሸዋ በር ይላቸዋል። ዩኔስኮ በ1998 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ቱሪስት ይጎበኘዋል፣ ፎቶ ይነሳበታል። ስንቱ ተማሪ ነው ታዲያ ግንቡ የድል ሐውልት አለመሆኑን የሚያውቀው? ንጉሥ የገደለ አሚር ከተማውን በግንብ ያጠረው ሜዳው ከእጁ እየወጣ ስለነበረ ነው። አንድ መምህር ተማሪዎቹን ጀጎል ሥር አቁሞ «ይህ ለምን ተሠራ?» ብሎ ቢጠይቅ የዓመቱ ትምህርት ግማሹ እዚያው ያልቃል። ሐረር መሄድ ለማይችል ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ይበቃል።

ስለ ኦሮሞዎች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚታየኝ ጉድለት አለ። ሁለቱ ተዋጊዎች ተዳክመው ሲወድቁ ከየት መጡ ሳይባል ደራሽ ውኃ ይመስል በአንድ አንቀጽ ይገባሉ። የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር የነበራቸው ሕዝብ ናቸው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ሉባ ከሚባለው አንድ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል። 1551 የዋለው ሚችሌ በተባለው ሉባ ዘመን ነው፤ ከ1546 እስከ 1554 የቆየ ነው። ባሕርይ ስለዚህ ሉባ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ሁለቱም ለተማሪ ወርቅ ናቸው። አንደኛ፣ በፈረስና በበቅሎ መዋጋት የጀመረው ይህ ትውልድ ነው። ሁለተኛ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ዘምተው ወደ ዋቤ ማዶ ይመለሱ ነበር፤ ይህኛው ግን ከብቱን ነድቶ በዘመተበት ቀረ። ዘመቻ ወደ ሰፈራ የተለወጠበት ጊዜ ይህ ነው። ፈረስ ከየት መጣ፣ መመለሱ ለምን ቀረ፣ መሬቱን ማን ለቆት ነበር የሚሉ ጥያቄዎች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊወያይባቸው የሚችሉ ናቸው። ፈጠጋር፣ ደዋሮ የሚባሉ ስሞች ከካርታ የጠፉት፣ የንጉሡ መቀመጫም እየራቀ ወደ ጣና ዙሪያ የሄደው በዚሁ ሂደት ነው።

የአባ ባሕርይ ምስክርነት ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጽሐፉን በ1585 ገደማ የጻፈው የጋሞ መነኩሴ ነው፤ ንብረቱ በዚያ ጦርነት ተዘርፎበታል፤ ምሬቱም ብዕሩ ላይ አለ። የሚጠቀምባቸውን ቃላት እንዳሉ ወስዶ ልጅ ፊት ማስቀመጥ አይገባም። ሆኖም ሰውየው የጠየቀው ጥያቄ የሚገርም ነው፦ እኛ ብዙ ሆነን፣ መሣሪያም ይዘን፣ ለምን እንሸነፋለን? መልሱን ሲሰጥ የራሱን ወገን ነው የሚተነትነው። ሕዝባችን ብዙ ክፍል ነው፤ መነኩሴው፣ ደብተራው፣ ዳኛው፣ ነጋዴው፣ ባለእጁ፣ ሁሉም ላለመዋጋቱ ምክንያት አለው፤ ከሁሉ የሚዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው ይላል። በኦሮሞ ወገን ያሉት ግን፣ ትንሹም ትልቁም፣ ሁሉም ተዋጊ ናቸው ይላል። ተሸንፎ፣ ተዘርፎ፣ ቂም ይዞ የተቀመጠ ሰው ወደ ራሱ ጣቱን ሲቀስር ከዚህ የተሻለ ምንጭ ለታሪክ ክፍል ከየት ይመጣል?

ስለ ቀይ ባሕሩ ዳርቻም አጭር ነገር ልበል። ኦቶማኖች በ1547 በእስታንቡል ወረቀት ላይ የሐበሻን ግዛት አቋቁመው ነበር። በ1549 ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋንና ሕርጊጎን ያዘ፤ ወደ ደባርዋም ወጥቶ ምሽግ ሠራ፤ እዚያ ግን አልቆየም። ምጽዋ ላይ የተተከለው ሰንደቅ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ኦቪዬዶ የመጣበት በር ከኋላው ተዘጋበት ማለት ነው፤ ቀሪውን ሃያ ዓመት ያህል ዕድሜውን እዚሁ አገር በድህነት ጨረሰ። የባሕሩ ዳር ገዥ የባሕረ ነጋሽ ይስሐቅ ነገር ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይፈልጋል፤ ዛሬ ቱርክን ሲወጋ፣ ነገ ከቱርክ ጋር ተባብሮ ንጉሡን ሲወጋ የኖረ ሰው ነው። ከሃዲ ብሎ ማለፍ ይቀላል። በቱርክና በደጋው መካከል የተቀመጠ ገዥ ምን አማራጭ ነበረው ብሎ መጠየቅ ግን ይሻላል።

አሁን ትንሽ ልዘግይ፤ ስለ ሁለት እናቶች ነው። ገላውዴዎስ ሲሞት የነገሠው ወንድሙ ሚናስ ነው። ሚናስ በጦርነቱ ዘመን ልጅ ሳለ በኢማሙ ሰዎች ተማርኮ ወደ የመን ለኦቶማኑ ገዥ ተልኮ ነበር። በወይና ደጋ ጊዜ ደግሞ የኢማሙና የድል ወንበራ ልጅ መሐመድ በክርስቲያኖቹ እጅ ገባ። ባሏን በስደት ያጣች፣ አገሯ የተቃጠለባት እቴጌ ሰብለ ወንጌል የጠላቷን ልጅ በእጇ ይዛለች። ድል ወንበራም ባሏ በዚያው ጦርነት ሞቶባታል። በሁለቱ መካከል ድርድር ተደረገ፤ ልጆቹ ተለዋወጡ። ሚናስ ከየመን ተመለሰ፣ መሐመድም ወደ እናቱ ተመለሰ። ያ ልውውጥ ባይደረግ ኖሮ በ1551 አልጋው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሌላ ይሆን ነበር።

ይህን ነገር ለምን አናስተምርም? ስለዚያ ጦርነት ስንናገር ሴቶቹን የምናነሳቸው ወይ እንደ ስደተኛ ወይ እንደ በቀለኛ ነው። በደሙ መካከል ቁጭ ብለው፣ መልእክተኛ ልከው፣ የኦቶማን ገዥ አሳምነው ልጆቻቸውን ያስመለሱት ሁለት ሴቶች ግን የዘመኑ ብቸኛ የተሳካላቸው ዲፕሎማቶች ነበሩ ብል የማጋነን አይመስለኝም። ድል ወንበራ ከዚያ በኋላ ኑርን ወደ በቀል ገፋፍታው ከሆነ፣ ያም ቢሆን መነገር አለበት። ያው ሰው ነው ልጁን በድርድር የሚያስመልሰው፤ ያው ሰው ነው የባሉን ደም የሚፈልገው። ተማሪዎች ይህን ከእኛ በተሻለ ይረዱታል፤ ቤታቸው ውስጥ ያዩታልና።

የሚናስ መንግሥት አራት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ከኦቪዬዶ ጋር ተጣላ፣ ከይስሐቅ ጋር ተዋጋ፣ በ1555 ሞተ። ለመቆም ጥሩ ቦታ ይህ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚቀርብልኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ የለም የሚለው ነው። የክፍለ ጊዜው እጥረት እውነት ነው፤ ግን ስምንት የውጊያ ስምና ስምንት ቀን ከምናስሸመድድ አንዷን ዓመት በደንብ ብናነብብ ጊዜ እናተርፋለን። ሁለተኛው ነገሩ ቁስል ይነካል የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ አላየውም። ይህ ታሪክ ዛሬም በመድረክ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በስልክ ላይ ሳይቀር እንደ ድንጋይ ሲወረወር አይቻለሁ። ነገር ግን የሚወረወረው የትኛው ክፍል እንደሆነ ልብ በሉ፦ ሽምብራ ኩሬና ወይና ደጋ ናቸው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያገኟቸው እነዚያ ብቻ ስለሆኑ። ሐዘሎን ወይም የበረካትን ሞት ጠቅሶ ሲሳደብ የሰማሁት ሰው የለም። አሸናፊ የሌለበት ታሪክ ለስድብ አይመችም። ዝም በማለት ቁስል የሚድን ቢሆን ኖሮ እስካሁን በዳነ ነበር።

አንድ ስሕተት ግን አትሥሩ፤ ሁለቱን ወገን ለማስደሰት ብላችሁ ሁሉንም ጀግና አታድርጉ። «ኑርም ጀግና፣ ገላውዴዎስም ጀግና፣ ሁሉም ለአገራቸው ተዋደቁ» የሚል አንቀጽ ከጻፋችሁ ያልተጻፈ ቢሆን ይሻላል። የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያንም፣ ለባርነት የተሸጠው ምርኮኛም፣ በሐመልማል ዘመቻ የተዘረፈው የአዳል መንደርም በስማቸው ይጠሩ። ሐረር ውስጥ የአሚር ኑር መቃብር እስከ ዛሬ ይከበራል፤ በገዳማት ደግሞ የገላውዴዎስ ስም በጸሎት ይነሳል። መጽሐፉ ለሁለቱም አክብሮት ይኑረው፤ ጠበቃ ግን አይሁንላቸው።

ረቂቁን ስታዘጋጁ በገምጋሚዎቹ መካከል የግዕዙን ዜና መዋዕል በቀጥታ የሚያነብ ሰው፣ የሐረርን የዐረብኛ ጽሑፎች የሚያውቅ ሐረሪ፣ እንዲሁም የገዳን የዘመን አቆጣጠር ከአባ ገዳዎች የተማረ ሰው ይኑሩ። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳይቀመጡ የተጻፈ ክፍል የፊተኛውን ስሕተት ይደግማል። ከጽሑፉ ጎን ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ካርታ አስገቡ። ምጽዋ፣ ደባርዋ፣ ሐረር ዛሬም ያሉ ስለሆኑ ቀላል ናቸው፤ ፈጠጋርንና ደዋሮን ግን ዛሬ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ጨምራችሁ አመልክቱ። እዚያ የሚኖር ተማሪ ጣቱን አሳርፎ የራሱን ወረዳ እንዲያገኝ።



አንድ የታሪክ መምህር